ሳትመረመሩ ዳቦ እንዳታቆሙ

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው አንዲት ነገር ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልተሰቃየሁ ነበር ብዬ ስለማስብ ነው። ነገሯም ይቺ ናት፦ የሴሊያክ ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ስንዴ ወይ ገብስ እየበላችሁ ከተመረመራችሁ ነው። ሴሊያክ ማለት ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። መብላቱን አቁማችሁ ከሄዳችሁ በሽታው እያለባችሁ «ነጻ ነሽ» ልትባሉ ትችላላችሁ። እኔ ተብያለሁ።

መጀመሪያው እንደማንኛውም የባህር ዳር ሰው ነው። ሆዴ ይነፋል፣ ተቅማጥ አይለቀኝም፣ አሜባ ተባልኩ፣ ጃርዲያ ተባልኩ፣ ታይፎይድ ተባልኩ፣ ኤች ፓይሎሪም ተባልኩና ለሁሉም መድኃኒቱን ዋጥኩ። ኪሎዬ ከ58 ወደ 46 ወረደ። ደም ማነስ ተብሎ የአይረን ክኒን ዓመት ሙሉ ወስጄ ሄሞግሎቢኔ ከ8 ንቅንቅ አላለም። አሁን ሳስበው ምልክቱ እሱ ነበር፣ ምክንያቱም አይረንን ወደ ደም የሚያስገባው የትንሹ አንጀት የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ሴሊያክ ደግሞ በዋናነት የሚጎዳው እሱኑ ነው፣ ስለዚህ ክኒኑ ይገባል ግን አንጀቱ አይቀበለውም።

እማዬ «ዓይን ነው» ብላ በጀልባ ተሻግረን ሁለት ሳምንት ጸበል ገባን። ጸበሉን አልወቅስም፣ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ግን እዚያ የምንበላው ጠዋት ማታ በሶና የገብስ ቆሎ ነበር፣ ገብስ ደግሞ ለዚህ በሽታ ከስንዴ አይሻልም፣ ይሄን ማናችንም አናውቅም ነበር። ሄጄ ከነበርኩት ብሼ ተመለስኩ።

ከዚያ ውጭ ሀገር ያለች የአክስቴ ልጅ በስልክ «እስኪ ስንዴ ተዪ» አለችኝ። ተውኩ። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ ሁሉንም። እቤት ጤፍ በፎገራ ሩዝ ቀላቅለን ነው የምንጋግረው፣ ሩዝም ጤፍም ግሉተን የላቸውም፣ በሦስት ሳምንት ሆዴ ዝም አለ። ዝም ሲል እንዴት ደስ እንደሚል የታመመ ነው የሚያውቀው።

አምስት ወር እንዲህ ቆየሁና የበሽታዬን ስም ማወቅ አለብኝ ብዬ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ሐኪሙ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ዶክተር፣ ዳቦ ካቆምኩ ወዲህ ተሽሎኛል፣ አምስት ወሬ ነው» ብዬ በአፌ ነገርኳቸው። ጻፉት፣ ሲጽፉትም አይቻለሁ። ደሜ ተወስዶ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተላከ፣ ከአስር ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፣ ኔጌቲቭ። «ሴሊያክ የለብሽም፣ ጭንቀት ነው፣ ዳቦሽን ብዪ» አሉኝ። በቃ፣ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ምርመራው የሚያየው ቲቲጂ የሚባል አንቲቦዲ ነው፣ ሰውነት ይሄን የሚያመርተው ግሉተን ሲገባበት ነው፣ ግሉተኑ ከቀረ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሊጠፋም ይችላል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጭስ ፍለጋ ማለት ነው። ታዲያ አምስት ወር አቁሜያለሁ እያልኳቸው ለምን ላኩት? ለምን «መጀመሪያ ትንሽ ብዪና ተመለሺ» አላሉኝም? በራሴም እናደዳለሁ፣ ሰውነቴ የነገረኝን ትቼ አንድ ወረቀት አመንኩ፣ የዚያኑ ቀን ማታ እማዬ በኮባ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ እያለቀስኩ በደስታ በላሁ።

ከዚያ ያለው ዓመት ከምናምን የተዘበራረቀ ነው። እበላለሁ፣ ያመኛል፣ ሁለት ሳምንት እተዋለሁ፣ «የለብሽም ተብለሻል እኮ» ይሉኛል፣ እንደገና እበላለሁ። መሃል ላይ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው የሚያዩበት ምርመራ) ተሰራልኝ፣ ጨጓራዬን አይተው «ትንሽ ተቆጥቷል» ብለው ከትንሹ አንጀት ናሙና ሳይወስዱ ወጡ። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ።

ያተረፈችኝ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ወረቀቶቼን ሁሉ ዘርግታ አየችና «ይሄ ደም ሲወሰድ ስንዴ እየበላሽ ነበር?» አለችኝ። ሌላ ምንም ሳትል። አይ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ስምንት ሳምንት በየቀኑ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ብዪና እንደገና እንመርምርሽ አለችኝ።

ስምንት ሳምንት። ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ካላንደር ሰቅዬ በየጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሻይ እበላና በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። የሚያሳምምሽን ነገር አውቀሽ መብላት ከባድ ነው፣ ጉሮሮ ይዘጋል። አስተማሪ ነኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎቼን ጥዬ ከክፍል ሮጬ የወጣሁበት ቀን ነበር። አንድ ቀን ልጄ ጠረጴዛው ጥግ ቆማ ዳቦውን በሻይ እያራስኩ ስውጥ አየችኝና «እማ፣ ካመመሽ ለምን ትበያለሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት።

ጨረስኩት። ቲቲጂው ከመደበኛው አስር እጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። ኢንዶስኮፒው ላይ ገና ሳልተኛ «ከትንሹ አንጀት ናሙና ውሰዱልኝ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን» አልኩ፣ እናንተም በሉ፣ አትፈሩ፣ ሐኪም ይቆጣል ብላችሁ ዝም አትበሉ። ባዮፕሲው፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ፣ አረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። የሰጡኝ ወረቀት «እንጀራ ይፈቀዳል» ይላል፣ እኔ ግን የተገዛ እንጀራ አትብሉ ነው የምለው። ሰፈራችን የምትሸጥ እናት አሉ፣ «እትዬ፣ ጤፍ ብቻ ነው?» ስላቸው «አዎ ልጄ፣ ጤፍ ነው» አሉኝ፣ ሦስት ቀን ታመምኩ። ተመልሼ ሄጄ «ምንም አልቀላቀሉበትም?» ስላቸው «ኧረ ትንሽ ገብስ ናት እንጂ ሌላ ምን አለው» አሉኝ። አልዋሹኝም፣ ለእሳቸው ትንሽ ገብስ ምንም አይደለም። ስለዚህ «ጤፍ ነው ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «ገብስ ወይ ስንዴ ገብቶበታል ወይ» በሉ።

እኔ ጤፉን በፍሬው ገዝቼ እቤት አበጥሬ ነው የማስፈጨው። ወፍጮ ቤት ከስንዴ በኋላ ካስፈጫችሁ ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። በጠዋት እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ሦስት ኪሎ በቆሎ አስፈጭበታለሁ፣ ያንን ለጎረቤት ዶሮዎች እሰጣለሁ፣ ከዚያ ጤፌን። ሽሮውንም እንደዚያው። ወፍጮ ቤቱ ልጅ መጀመሪያ ተነጫነጨ፣ ምክንያቱን ስነግረው አሁን ራሱ ጠርጎ ይጠብቀኛል። እርሾዬ የራሴ ነው፣ ምጣዴም ዳቦ አይጋገርበትም።

የሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቶች ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጥብሱን ዘይት ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ፉርኖ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ዘይቱ ራሱ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። እኔ ቆረሶ ጥሬውን ገዝቼ እቤት እጠብሳለሁ። ጠላና ቢራ አይሆኑም፣ ብቅሉ የገብስ ነው። ለቅሶ ቤት የራሴን ምግብ በሰሃን ይዤ እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ተቀየሙኝ፣ አሁን ለምደውኛል። ቁርባንም ከስንዴ ነው፣ እሱን ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ የተነጋገርነው በእኔና በእሳቸው መካከል ነው፣ እናንተም ለየራሳችሁ አባት ንገሩ፣ አትደብቁ።

ኪሎዬ አሁን 57 ነው። አይረን መውሰድ ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ፣ ሄሞግሎቢኔ 13 ነው።

በሽታው በዘር ይሄዳል፣ የታመመ ሰው ልጅና እህት ወንድም ከአስር አንዱ ገደማ ሊኖርበት ይችላል። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሰሞኑን ሆዷን ያማታል። እማዬ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቶሎ ዳቦውን አስትዪያት» ትለኛለች፣ ጎረቤቱም እንደዚያው። የደም ምርመራዋ ሐሙስ ነው። እስከዚያ በየጠዋቱ ዳቦ ቤት ሄጄ ትኩሱን እገዛላታለሁ፣ በሻይ አርሳ እስክትጨርስ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ የራሴን ቁርስ አቀርባለሁ።