የሌሊት ወፍ አበባ፦ ከዘር እስከ እምቡጥ

የሌሊት ወፍ አበባ (ታካ ቻንትሪየሪ) ብዙ ጊዜ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው ወዲያው ውኃ ይጨምርበታል፤ ቅጠሉ የጠወለገው ግን ሥሩ በስብሶ ውኃ መሳብ ስላቃተው ሊሆን ይችላል። ከማጠጣት በፊት ጣትን በማሰሮው የአፈር ድብልቅ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ መክተት ነው። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ተክሉን ከማሰሮው አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሥር ሲጫኑት ጠንከር ይላል፤ የበሰበሰው ግን ልጣጩ በጣት ይሙለጨለጭና መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል።

ተክሉ የቦዬ ዘመድ ነው፤ እንደ ታይላንድ፣ ማሌዥያና የቻይናዋ ዩናን ባሉ አካባቢዎች በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ወፍራሙ የምድር ውስጥ ግንዱ (ሪዞሙ) የለመደው ቅጠል የረገፈበትን፣ ውኃ የማይቋጥር ልል አፈር ነው። ተራ የጓሮ አፈር በማሰሮ ውስጥ በጥቂት ወራት ይጠጥርና ሥሩን ያፍነዋል። 2 እጅ የተሰባበረ የጥድ ቅርፊት፣ 1 እጅ ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እና 1 እጅ የኮኮናት ቃጫ ቢደባለቁ ይስማማዋል። ቅርፊቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ትልልቅ ከሆነ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ቶሎ ይደርቃሉ።

ትዕግሥት የሚፈትነው ዘሩ ነው። የቆየ ዘር ሳይበቅል ቢቀር አይገርምም፤ ትኩሱን መፈለግ ይሻላል። የፍሬው ሥጋ በደንብ ታጥቦ ከተወገደ በኋላ ዘሩ 50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ቴርሞስ ውስጥ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ብሎ ይዘራና ላስቲክ ይለብሳል። ድብልቁ ሌሊትም ቢሆን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ መደብ ነው ብዙ ዘር የሚያስቀረው። ላስቲኩን በየቀኑ አሥር ደቂቃ ያህል መግለጥ ሻጋታን ይቀንሳል። ለመብቀል ከ1 እስከ 9 ወር ሊፈጅ ስለሚችል በሦስተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ መድፋት ትልቅ ስሕተት ነው። ከዘር የተነሣ ችግኝ ለማበብ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይጠብቃል።

እምቡጡ ከሪዞሙ በረጅም አገዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ሲፈታ መጀመሪያ ዓይን የሚስቡት ሁለቱ የቆሙ ክንፎች ናቸው። ጥቁር ይመስላሉ፤ ብርሃን ከኋላቸው ሲያርፍ ግን ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ መሆናቸው ይታያል። ክንፎቹ አበባ ሳይሆኑ መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኞቹ አበቦች ከፊታቸው ተሰብስበው የሚያጎነብሱት ትንንሾቹ ሲሆኑ፣ በመካከላቸው እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ጢሞች ይንጠለጠላሉ። ይህ ሁሉ ዝንብ ለማታለል ነው ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ግን ተክሉ በአብዛኛው ራሱን በራሱ እንደሚያዳቅል አሳይቷል። ስለዚህ ዘር ለማግኘት በብሩሽ ማዳቀል አያስፈልግም፤ አገዳውን ሳይቆርጡ መተው ይበቃል።

የክንፎቹ ጠርዝ ገና ሳይፈታ ከደረቀ አየሩ ደርቋል ማለት ነው፤ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ቅጠል ላይ ውኃ መርጨት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ነጠብጣብ ያመጣል። ጠጠር በተሞላ የውኃ ሳሕን ላይ ማስቀመጥ (የማሰሮው ቂጥ ውኃውን ሳይነካ) እና በቀስታ የሚዞር ማራገቢያ አብረው ቢሆኑ ይሻላል። የቅጠል ጫፍ ቡናማ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጨው ክምችት ነው። ማዳበሪያውን በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ግማሽ አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መስጠት፣ በወር አንዴ ደግሞ ድብልቁን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይረዳል። ቀጥተኛ ፀሐይ ቅጠሉን ያነጣዋል። ቀንድ አውጣ ደግሞ ለጋውን እምቡጥ በአንድ ሌሊት ስለሚበላ ማታ ማታ በባትሪ መፈተሽ ነው።

ለማባዛት አዲስ እድገት ሲጀምር ሪዞሙ በንጹሕ ስለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ 2 የእድገት ነጥብ (አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት ዓይን) ይኑረው። የተቆረጠው ቦታ የከሰል ዱቄት ተነስንሶበት አንድ ቀን ይደርቃል። ሲተከል ጫፉ ከድብልቁ ወለል እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ጫፍ ይበሰብሳል። አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ እስኪል ድረስ ድብልቁን ረጠብ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል፤ ማዳበሪያ የሚጀምረው ያ ቅጠል ከተዘረጋ በኋላ ነው።