ሁለት ታፔላ ያስከፈለችኝ ቅጠል

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ማገጥ» የሚል ቅጽል ስም አለኝ። ስሙን በራሴ እጅ፣ በታፔላ አስጽፌ ነው ያገኘሁት።

የምሠራው ግቢ የሚያሳምር ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሣር እንተክላለን፣ አበባ እንንከባከባለን፣ ደንበኛ ከጠየቀ ለተክሎቹ የስም ታፔላ እናዘጋጃለን። በአንዱ ዓመት ግንቦት ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ግቢውን ሰጠን። ግቢው ጠባብ ነው፤ ግን ያረጀ ጽድ አለው፣ ወይራም አለው። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ይበዛባቸዋል። «ለእንቁጣጣሽ እያንዳንዱ ተክል ስሙ ተጽፎ ልየው፤ የአማርኛውም የሳይንሱም» አሉ።

ወይራና ጽድ ማንንም አያስቸግሩም። ከጽዱ ሥር፣ ጥላው ላይ ግን፣ ምንጣፍ የመሰለች አንዲት ለስላሳ ቅጠል ተዘርግታለች። ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት። አበባ አላወጣችም። እኔም ቁጭ ብዬ አላየኋትም። ቆሜ አንገቴን ዘንበል አደረግሁና «ማገጥ ናት» አልኩ።

ማገጥን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ከብት ይወዳታል፣ ንብ ይወዳታል፤ መስከረም ላይ ከአደይ አበባ ጋር ሜዳውን ታለብሰዋለች። እኔ ደግሞ ኮሌጅ የተማርኩትን ጨመርኩበት። ሥሯ ላይ ያሉ እባጮች ከአየር ናይትሮጂን ይይዛሉ፣ አፈር ታዳብራለች፣ ስለዚህ እንዳትነቀል ብዬ ትእዛዝ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው። በነፃ የበቀለ ማዳበሪያ ማን ይጠላል?

የግቢው አትክልተኛ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይቺ እኮ ማገጥ አይደለችም» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቁጠሩት እስቲ። ሦስት ነው።»

«እሱማ ሦስት ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ያኔ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ታፔላው ፒያሳ ተሠራ። «ማገጥ፣ ትራይፎሊየም» የሚል፣ በነጭ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ። ሰኔ ላይ ተተከለ። ዝናቡ ሲጠነክር ማገጤ ከጥላው ወጥታ በሰው ገንዘብ ያለበስነው ሣር ውስጥ ገባች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አበባ አወጣች። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ፣ አምስት አምስት ቅጠል ያለው፣ እንደ ትንሽ ጽዋ የተከፈተ አበባ።

ደነገጥኩ። የማገጥ አበባ እንዲህ አይደለም። ማገጥ ብዙ ጥቃቅን አበባ በአንድ ላይ ታጭቆ እንደ ትንሽ ኳስ የሚሆን ነው፤ ዘመዷም ባቄላና አተር ነው።

ሰው የሚያርመው አንድ ስህተቱን ነው። እኔ በላዩ ሌላ ደረብኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ያውም ቅጠሉን ብቻ፣ ከላይ። የተክል ስም የሚነግረው አፕ ወዲያው «ኦክሳሊስ አሴቶሴላ» አለኝ። ፈረንጆቹ የጫካ ኮምጣጣ ቅጠል እንደ ማለት ይጠሯታል። ሁለተኛ ታፔላ አዘዝኩ። የአማርኛ ስም ስላጣሁላት «የጫካ ኮምጣጤ» ብዬ አወጣሁላት። አሁን ሳስበው ክርስትና ማንሳት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሣር ውስጥ የገባችውንም ልጆቹ እንዲኮተኩቱት አዘዝኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተኮተኮተው ቦታ እጥፍ ሆኖ በቀለ።

ያን ሰሞን ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ታፔላ ቆመው አነበቡ። ወጣት ሳሉ ጀርመን ተምረዋል። «አሴቶሴላን አውቃታለሁ» አሉ። «በሚያዝያ ጫካ ስንሄድ ከዛፉ ሥር በየቦታው ነበረች። ግን አበባዋ ነጭ ነው፤ ውስጡ ሐምራዊ ቀጫጭን መስመር አለው። ይቺ ሮዝ ሆና እንዴት ነው?» መልስ አልነበረኝም። አለቃዬ በስልክ የሰጠኝን መልስ ግን እዚህ አልጽፈውም።

በማግሥቱ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄድኩ። የአገሪቱ የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጠው እዚያ ነው። በእጄ ሦስት ቅጠል ይዤ ነበር። ያነጋገረኝ ባለሙያ አየና «ሥሩስ?» አለኝ። «ቅጠል ብቻ ይዘህ አትምጣ። አበባውንም፣ ፍሬ ካለውም ፍሬውን፣ ከነሥሩ ነቅለህ አምጣ።» ተመልሼ ነቅዬ መጣሁ። ጋዜጣ ላይ ሳስቀምጣት ከሥሯ ጥቃቅን ሽንኩርት የመሰሉ ነገሮች ረገፉ። ባለሙያው ፈገግ አለ። «ይኸው፣ ራሷ ስሟን ነገረችህ።»

ኦክሳሊስ ላቲፎሊያ ናት። ለአሴቶሴላ የቅርብ ዘመድ፤ አገሯ ግን ሜክሲኮና ወደ ደቡብ ያለው አሜሪካ ነው። እዚህ እንግዳ አረም ናት። አሴቶሴላ የአውሮፓና የሰሜን እስያ ጫካ ተክል ስለሆነች አራት ኪሎ ምን ልትሠራ? አፑ የቤተሰቡን ስም አውቋል፤ የልጂቱን ስም ግን ስቷል። የቀረበለትም ቅጠል ብቻ ነበር፤ በእሱ አልፈርድም።

ከዚያ ቅጠሉን እንዴት እንደማይ አሳየኝ። የኦክሳሊስ ቅጠል ጫፉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ አሴቶሴላ ላይ ልክ የልብ ቅርጽ፣ የእኛዋ ላይ ሰፋ ብሎ የዓሣ ጭራ ይመስላል። የማገጥ ቅጠል ሞላላ ነው፤ አንዳንዴም መሀሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ይታይበታል። የማገጥ አገዳ ላይ ቅጠሉ ከሚወጣበት ሥር ጆሮ የመሰሉ ሁለት ትናንሽ ነገሮች አሉ። የእኛዋ ግን አገዳም የላት፤ ቅጠሉም አበባውም በቀጥታ ከመሬት ነው የሚወጣው። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው፤ እኔ ደግሞ የቆጠርኩት ቁጥሩን ነው።

ኩትኮታው ለምን እንዳባዛትም ያኔ ገባኝ። እነዚያ ትናንሽ ሽንኩርቶች መኮትኮቻው ሲነካቸው ይበተናሉ፤ እያንዳንዱም ራሱን ችሎ ይበቅላል። አረም ሳላጠፋ ዘር ስዘራ ከርሜያለሁ።

ግቢው ስደርስ በቀጥታ ወደ አትክልተኛዋ ሄድኩ። «እትዬ፣ እንዴት አወቁ?»

ጎንበስ ብለው አንዲት ቅጠል ቀጠፉና አፋቸው ውስጥ ከተቱ። «ትኮመጥጣለች። ማገጥ መቼ ይኮመጥጣል? ደግሞ ሲመሽ መጥተህ አይተሃታል? ቅጠሏን እንደ ዣንጥላ ታጥፋለች።» ኮምጣጣነቱ ከኦክሳሊክ አሲድ የሚመጣ ነው። ኦክሳሊስ የሚለው ስምም ከግሪክኛው «ኮምጣጣ» ነው የመጣው። ሳይንሱ በስሟ ላይ የጻፈውን እሳቸው በምላሳቸው አንብበውታል። (ያላወቁትን ቅጠል መቅመስ አደገኛ ነው፤ እሳቸው የቀመሱት አውቀዋት ነው። ይቺም ብትሆን ከበዛች ለኩላሊት አትመከርም፤ ከብትም ትጎዳለች።)

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አጥብቀው አልነገሩኝም?»

«ነግሬህ ነበር። አንተ ቁጠሪ አልከኝ።»

«ይቁጠሩ» ነበር ያልኩት፤ ግን ማን ይከራከራል።

በእሳቸው መሪነት አፈሩን በሹካ አንስተን፣ በእጅ አበጥረን፣ ሽንኩርቶቿን በላስቲክ ከረጢት ሰብስበን አወጣን። አራት ቀን ፈጀ። ሁሉንም አገኘን አልልም። የሁለቱ ታፔላ ዋጋ ከደመወዜ ተቆረጠ። «ማገጥ» የሚለውን አለቃዬ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ወጣ።

ጳጉሜን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ግቢውን ስዞር እትዬ ከበሩ አጠገብ በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ነገር በመጥረጊያቸው ጫፍ አሳዩኝ። ሦስት ቅጠል፣ ትንሽ ቢጫ አበባ።

«ይቺስ?» አሉኝ።

ሱሪዬን ሰብስቤ ተንበረከክሁ።