የቡሄ አውራጆችን ይዤ ወደ ጆርናል

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የትምህርቱ ስም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና እይታ ጥበባት» ነው። እኔ የተማርኩት ሙዚቃ ስለሆነ ልቤ ወደዚያ ያደላል። ሁለተኛ ዲግሪዬን እንደያዝኩ አንድ የጥናት ጽሑፍ በዓለም አቀፍ የሙዚቃ ትምህርት ጆርናል ላይ አወጣለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከመጀመሪያው ሙከራ ታትሞ እስኪወጣ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። ሙዚቃ ማስተማርን አብጠርጥረው የሚያውቁ፣ ግን ለጆርናል ጽፈው የማያውቁ ብዙ መምህራን አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. የቡሄ ሰሞን ነው። አንድ ማታ ሽምብጥ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ልጆች እየጨፈሩ መጡ። አውራጁ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ክፍል ውስጥ ኖታ ስጽፍ አቀርቅሮ የሚቀመጥ፣ ስጠይቀው ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። እዚያ ግን ዘጠኝ ልጆች ይመራል። ግጥም ሲጠፋው የቀደመውን ስንኝ ይደግምና እስኪታወሰው ፋታ ያገኛል። ተቀባዮቹ ሲጎተቱ ዱላውን መሬት ላይ ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ወዲያው ይገጥማሉ። ዳር ላይ ስድስት ዓመት የማይሞላው ትንሽዬ ልጅ ቆሟል። ዱላ የለውም። የሚለው «ሆ!» ብቻ ነው። ግን አንዴም አልቀደመም፣ አንዴም አልዘገየም።

ይህን ልጅ ማን አስተማረው? ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። በማግስቱ ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ መቅረጽ ጀመርኩ።

ጥር 2015 የመጀመሪያውን ጽሑፍ ላክሁ። 31 ገጽ ነበር። በዘጠኝ ቀን ተመለሰ። ለገምጋሚ እንኳ አልደረሰም፤ ኤዲተሩ ራሱ ነው የመለሰው። ጽሑፉ አስደሳች ቢሆንም ከጆርናላችን ዓላማ ጋር አይሄድም ይላል። በጣም ከፋኝ። እንግሊዝኛዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ሳምንት ፋይሉን አልከፈትኩትም።

አብራኝ ፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የተማረች ጓደኛዬ ናት ያነቃችኝ። ጽሑፉን አንብባ ጨረሰችና፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን፣ «እስኪ ንገሪኝ፣ ልጁ ምን ተማረ? ከማን ተማረ? አንቺስ መማሩን በምን አወቅሽ?» አለችኝ። አፌን ሞልቼ መለስኩላት። ስለ ትንሹ ልጅ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ አውራጁ ነገርኳት። «ታዲያ ይሄ የታለ?» አለች። ገለጥኩት። 11 ገጽ ስለ ቅዱስ ያሬድ፣ ስለ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዜማዎች፣ ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች ነው። ልጆቹ የመጡት ገጽ 19 ላይ ነው። ለዚያውም ሁለት ገጽ ብቻ።

ያኔ ገባኝ። የሙዚቃ ጆርናልና የሙዚቃ ትምህርት ጆርናል የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ዜማው ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለሚማረው ሰው ይጠይቃል። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ሙዚቃችን ስንጽፍ ከያሬድ መጀመር ይቀናናል። የታሪካችንን ክብር ለማሳየት ነው፤ ይህን ስሜት አላፍርበትም። ግን ያሬድን ያነሳሁት ስለሚገባ ሳይሆን ስለለመድኩት ነበር። የዜማ ቤቱ ልጅ ድጓ የሚማረው የኔታን እየሰማና እየተቀበለ፣ ከዚያም ድፋትና ሂደት የሚባሉትን ምልክቶች እያየ መሆኑን ብጽፍ ኖሮ ትምህርት ይሆን ነበር። በአዲሱ ጽሑፍ ከ11 ገጽ አንድ አንቀጽ አስቀረሁ። እሱም ስለ ቅበላ ነው፤ በዜማ ቤትም በቡሄም ልጁ በመቀበል እንደሚጀምር።

ጆርናል መምረጡ ላይ ሁለተኛ ስህተቴ ነበር። መጀመሪያ የላክሁት ስሙን ስለሰማሁት ብቻ ነው። አሁን ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የዓለም አቀፉ የሙዚቃ ትምህርት ማኅበር፣ ኢስሜ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተ ነው፤ የራሱ ጆርናል አለው። በካምብሪጅ የሚታተመው የብሪታንያው የሙዚቃ ትምህርት ጆርናል ከ1984 ጀምሮ አለ። የአሜሪካኖቹ የሙዚቃ ትምህርት ምርምር ጆርናል ደግሞ ከ1953 ጀምሮ። እያንዳንዱ ጠባይ አለው። አንዱ ቁጥርና ሙከራ ይወዳል። ሌላው የክፍል ውስጥ ታሪክን በደንብ ያስተናግዳል። የየጆርናሉን የሁለት ዓመት አብስትራክት፣ ማለትም በየጽሑፉ መግቢያ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ አነበብኩ። ከሦስት ቀን በላይ አልፈጀብኝም። ያን ሦስት ቀን ቀድሜ ባጠፋው ኖሮ ስንት ነገር ይተርፈኝ ነበር።

በመካከሉ «በአምስት ቀን እናትምልሻለን፣ ክፈይ» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ተጠንቀቁ። በአምስት ቀን የሚገመግም ገምጋሚ የለም። በደንበኝነት የሚሸጡት ነባር ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ ከጸሐፊው ገንዘብ አይጠይቁም። ለሁሉም ክፍት የሆኑት ብዙዎቹ ያስከፍላሉ። ግን ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮችን በምርምር ጽሑፍ በሚያግዘው መርሐ ግብር የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላለች፣ አንዳንድ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ። ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። አያሳፍርም።

ሚያዝያ 2015 እንደገና ለመላክ ተቀመጥኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ነበር። የጆርናሉ የኢንተርኔት መላኪያ ሲስተም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን ነው። የራስ ስም፣ የቤተሰብ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቴን ስም አስገባሁ። በሌላ ጽሑፍ የአያቴን ስም ካስገባሁ ሁለት ሰው ሆኜ ነው የምቀረው። ስለዚህ ኦርሲድ አወጣሁ። 16 አኃዝ ያለው፣ በነፃ የሚገኝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ነው። ስሜ እንዴትም ቢጻፍ ቁጥሩ እኔው ነኝ።

ቀጥሎ ስም የሌለበት ፋይል ተጠየቅሁ። ገምጋሚው እኔን አያውቅም፣ እኔም እሱን አላውቅም። ስሜን ከሽፋኑ አጥፍቻለሁ። ግን ምስጋናው ውስጥ የትምህርት ቤቴ ስም አለ። የወርድ ፋይሉ መረጃ ውስጥም ስሜ ተጽፏል። ሁለቱንም አጠፋሁ።

ከዚያ ፋይሎቹን ጫንኩ። ሲስተሙ ወደ ፒዲኤፍ ቀየራቸውና «አይተሽ አጽድቂ» አለኝ። ከፈትኩት። የልጆቹ ግጥም ያለበት ቦታ ሁሉ ሳጥን ነው። ትንንሽ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ለወራት የለፋሁበት ግጥም ሳጥን ሆኖ ሳየው ዕንባዬ መጣ። ጥፋቱ ፎንቱ ነው። ፋይሉ ውስጥ አብሮ ካልታሸገ የእነሱ ኮምፒውተር ፊደሉን አያውቀውም። ወርድ ላይ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር የማስቀመጫ ምርጫ አለ። እሱን አደረግሁ። ለመተማመኛ ደግሞ ግጥሞቹን በምስል አድርጌ ከነድምፅ አጻጻፋቸውና ከነትርጉማቸው በሠንጠረዥ አስገባሁ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። መብራት መጥቶ ስጨርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ያንን ፒዲኤፍ ሳታዩ «አጽድቅ» የሚለውን እንዳትነኩ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ከዓመተ ምሕረታችንም ተጠንቀቁ። የአማርኛ መጽሐፍ ስትጠቅሱ ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት የእኛ ነው፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። እኔ አንዱ ሌላውን ከሚጠቅሱ ሁለት መጻሕፍት የተጠቀሰውን ቀይሬ የጠቃሹን ሳልቀይር ቀርቼ፣ ገምጋሚው የጠቃሹ ደራሲ ገና ያልታተመ መጽሐፍ እንዴት ጠቀሰ ብሎ ጠየቀኝ።

የገምጋሚዎቹ መልስ ነሐሴ 2015 መጣ። ሁለት ሰዎች፣ 27 አስተያየት። ውሳኔው ከፍተኛ ማሻሻያ ይላል። መጀመሪያ ሳነበው እንደ ውድቀት ነው የቆጠርኩት። ጓደኛዬ ግን ደስ አላት። «አልመለሱትም እኮ! አስተካክይና አምጪው ነው ያሉሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የማይፈልጉትን ጽሑፍ 27 አስተያየት አይጽፉበትም።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ በኩል የእነሱ ቃል፣ በሌላው የእኔ መልስና የገጹ ቁጥር። አንዱንም አልዘለልኩም። የማልስማማበት ቦታ ላይ ምክንያቴን በትሕትና ጻፍኩ። አንደኛው ገምጋሚ ጭፈራው በሙሉ በባለ አምስት መስመር ኖታ ይጻፍ ብሎ ነበር። አውራጁ ግን ድምፁን እንደ ማታው ሁኔታ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቋሚ መነሻ ኖታ የለውም። ኖታ ላይ ብቸክለው ልጁ ያላሰበውን ነገር እንዳሰበ አስመስላለሁ። ስለዚህ የዱላውን ምትና የ«ሆ!»ን ቦታ ብቻ በኖታ ጻፍኩ። ዜማውን በድምፅ ቅጂ አያያዝኩ። ገምጋሚው ተቀበለው። እንዲያውም ይህ ክፍል የጽሑፉ ጥንካሬ ነው ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው ገምጋሚ ካትሪን ማርሽ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችውን፣ በተለያዩ አገሮች ልጆች በመጫወቻ ሜዳ ዘፈናቸውን እንዴት እንደሚማማሩና እንደሚለውጡ የሚያሳይ ጥናት አንብቢ አለኝ። አነበብኩት። የሽምብጥ ልጆች ብቻቸውን እንዳልሆኑ አየሁ። የእኛን ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ጎልቶ ታየኝ። የእኛዎቹ የሚለማመዱት ደጅ ላይ፣ ሙልሙል በሚሰጥ ሰው ፊት ነው። ስህተታቸው ወዲያው ይታወቃል። አንዱን ቤት ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ያስተካክላሉ። በአንድ ማታ 20 ጊዜ ይለማመዳሉ ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ገምጋሚው ባይገፋኝ አልጽፈውም ነበር።

ስለ ፈቃድም ጠየቁኝ። የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ልጁም ራሱ እሺ ማለት አለበት። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ነበሩ። ወረቀቱን ምስክር ባለበት አንብቤላቸው በጣት አሻራ ፈቅደዋል። ይህን ጽፌ አልነበረም። ያደረጋችሁትን ጻፉ። ገምጋሚው ያላነበበውን አያውቅም።

አንድ ጥያቄ ግን በችኮላ መለስኩ። የደረስሽበትን ለተጠኚዎቹ መልሰሽ አሳይተሻል ወይ ይላል። ለአራት ልጆች አነበብኩላቸውና «አዎ ቲቸር፣ ልክ ነው» አሉኝ። ተማሪዎቼ ናቸው፤ ሌላ ምን ይሉኛል? እኔ ግን አሳይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ።

የተሰጠኝ ጊዜ 60 ቀን ነበር። በዚያ ወቅት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባ ላለ ወንድሜ ደወልኩለትና በእኔ ስም ለኤዲተሩ እንዲጽፍ ለመንኩት። ሁኔታውን በሦስት መስመር አስረዳ። ኤዲተሩ በማግስቱ አንድ ወር ተኩል ጨመረልኝ። እኔ እኮ ጽሑፉን ይሰርዙታል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ችግር ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ፤ ጻፉላቸው። ኅዳር 2016 ባለገመድ ኢንተርኔት ካለው ሰው ቤት ሆኜ ላክሁት። ሚያዝያ ላይ ተቀባይነት አገኘ። ሰኔ ላይ ወጣ።

ወጣ እንጂ የሥራ ባልደረቦቼ ሊያነቡት አልቻሉም። በክፍያ ነው የሚከፈተው፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በአማርኛ አራት ገጽ አድርጌ አሳጠርኩትና አሳተምኩት። ለመምህራኑም ለወላጆቹም ሰጠሁ።

በጣት አሻራዋ የፈቀደች አንዲት እናት አለች። እትዬ እላታለሁ። ልጇ ጮክ ብሎ አነበበላት። እኔም ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስለ ታንኳና ስለ ደንገል የሚለው ግጥም ጋ ሲደርስ አስቆመችው።

«ቲቸር፣ ይቺ ግጥም እኮ የኛ አይደለችም» አለች።

«እንዴት እትዬ?»

«የዘጌ ናት። የወንድሜ ልጅ ነው ያመጣት። ክረምት ክረምት በጀልባ ይመጣል፤ እኛ ጋ ነው የሚከርመው። ልጆቹ ከእሱ ነው የወሰዷት።»

ጽሑፌ ላይ ልጆቹ ግጥም የሚማሩት ከሰፈሩ ታላላቆች ነው ብዬ ነበር። ክረምቱን ከዘመድ ጋር ሊያሳልፍ የሚመጣውን ልጅ አላየሁትም። ልጆቹም አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኋቸውማ። ለኤዲተሩ ጻፍኩለት። ትርጓሜን የሚያሰፋ እንጂ መረጃን የሚያፈርስ ስላልሆነ፣ በሚቀጥለው ጽሑፍ አንሺው አለኝ። እትዬ የወንድሟን ልጅ ስልክ ሰጥታኛለች። ለመጪው ቡሄ መቅረጫዬን ይዤ ዘጌ ነኝ፤ ከልጆቹ በፊት ግን እናቶቹን ነው የማነጋግረው።