የወረደው የት ገባ?

ማክሰኞ ማታ

አባባ ዛሬ ብቻቸውን መጽሐፍ አወረዱ። እኔ ቤት አልነበርኩም። ይህችን ቀን ሳልጽፋት ማደር አልፈለግሁም፤ ግን ከመነሻው ካልጀመርኩ በኋላ ሳነበው ለራሴም የሚገባኝ አይመስለኝም።

ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳን የተጎዳው የሬቲናቸው፣ ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ መሃል ነው። ስለዚህ ወጥተው ይገባሉ፣ በር ላይ የቆመውን ሰው ያያሉ፣ የሚያነቡት ቃል ላይ ዓይናቸውን ሲያሳርፉ ግን ቃሉ ይጠፋል። «ፊደሉን ከጎን አየዋለሁ፤ ቀጥ ብዬ ሳየው ይሸሸኛል» ይላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ትራሳቸው አጠገብ መጽሐፍ ሳይኖር ተኝተው የማያውቁ ሰው ናቸው። መነጽር ቀየርን፣ አጉሊ መነጽር ገዛን፣ በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ ፈለግን። በአጉሊ መነጽሩ አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ሲፈጅባቸው አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ገጹ ሲያልቅ የመጀመሪያው አንቀጽ ተረስቷል።

በነጻ የሚደመጡ መጽሐፎች መኖራቸውን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሊብሪቮክስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሂዩ ማክጋየር የተባለ ካናዳዊ ነው የጀመረው። በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ሆነው፣ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው፣ የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያበቃ መጽሐፎችን ያነባሉ፤ ቅጂውም ለማንም ይለቀቃል። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። የይለፍ ቃል አለመኖሩን እንዲሁ አልጠቀስኩትም። ኮምፒውተር ለጀማሪ ሰው ግማሹ ፍርሃት እዚያች ሳጥን ላይ ነው ያለው።

ደስ ብሎኝ አምስት መጽሐፍ አወረድኩ፣ ኮምፒውተራቸው ላይ ገለበጥኩ፣ «ይኸው፣ እዚህች ጋ ብቻ ይጫኑ» ብዬ አሳየኋቸው። ከዚያ በቃ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ወር አለፈ። አንድ ማታ ክፍላቸው ስገባ መብራት እንኳ ሳያበሩ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ዛሬ አያዳምጡም እንዴ?»

«ያመጣሽልኝ አልቋል፣ ልጄ።»

«መቼ?»

«ዘጠኝ ቀን ሳይሆነው አይቀርም። ሥራ በዝቶብሽ ሳይ ነው ያልነገርኩሽ።»

ዘጠኝ ቀን። ለካ ነጻ የተባለው መጽሐፍ ለእሳቸው ነጻ አልነበረም፤ በእኔ ትርፍ ሰዓት የሚገኝ ነበር። የኔ ትርፍ ሰዓት ደግሞ እንደሌለ ያውቃሉ። ያን ሌሊት ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸውና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ማውዙን አልነካም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሰው ሲያስተምሩ ትልቁ ፈተና ይሄ ነው፤ እሳቸው ቀስቷን ሲፈልጉ እኔ በሰከንድ የማደርገውን እያየሁ ዝም ማለት።

ከባዱ ነገር መጽሐፉን ፈልጎ ማግኘት ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ስም ጽፎ መፈለግ ወዲያው ገባቸው። ኮንትሮልን ይዘው የመደመር ምልክቱን ሲጫኑ የገጹ ጽሑፍ እየተለቀ እንደሚሄድ ሳሳያቸውማ «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ!» አሉ። ደብል ክሊክ አስቸገራቸው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምት መካከል እጃቸው ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ማውዙም አብሮ ይሸሻል፤ ፋይሉ አይከፈትም፣ አንዳንዴም እየተጎተተ ሌላ ቦታ ይገባል። ሦስት አራት ጊዜ ሲሆን ፊታቸው እየጠቆረ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነክተው ከኪቦርዱ ኢንተርን እንዲጫኑ ነገርኳቸው። ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ደብል ክሊክ የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም።

ከባዱ፣ «አውርድ» የሚለው ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። ምንም አይከፈትም፣ ምንም ድምፅ አይሰማም። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት ብልጭ ብላ ትጠፋለች። አባባ ጠበቁ። ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣

«እሺ፣ የታለ? የወረደው የት ገባ?»

ለሰው ስናስተምር ይህችን ጥያቄ ነው የምንዘላት፤ ለእኛ ጥያቄ መሆኗ ካቆመ ስንት ዘመን ሆኗታል። የወረደ ነገር ሁሉ ዳውንሎድስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ብሮውዘሩ ክፍት ሆኖ ኮንትሮልንና ጄን አንድ ላይ ሲጫኑ የወረዱት ነገሮች ዝርዝር እንደሚወጣ አሳየኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ የገቢ ደብዳቤ ሳጥን ነዋ» አሉ። ነው። እኔ ግማሽ ሰዓት ያስረዳሁትን በአንድ ቃል ጨረሱት።

ዚፑ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። ሙሉው መጽሐፍ በአንድ ዚፕ ፋይል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ዚፑን ሲከፍቱት ምዕራፎቹ 01፣ 02፣ 03 እያሉ ተደርድረው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ሲነካ ይናገራል፤ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስላል። ምዕራፉ ሲያልቅ ግን ዝም። ሁለተኛው አይከተልም። ጥቅሉ ስላልተፈታ ማጫወቻው ያገኘው ያቺኑ የተነካችውን አንዷን ምዕራፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ ራይት ክሊክ አድርጎ «ኤክስትራክት ኦል» (ሁሉንም ፍታ) የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ አዲስ የወጣውን ፎልደር መክፈት ያስፈልጋል። አባባ ይህ ሲገባቸው «ቋጠሮውን ሳልፈታ በቀዳዳው እጄን ሰድጄ አንዲት ፍሬ ነው ያወጣሁት በይኛ» አሉኝ። ያን ቀን አራት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ አምስተኛውን ራሳቸው ጠየቁ።

ስለ መጠኑም ተነጋገርን፤ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ «ተበላሸ» ብለው እንዳይተዉት። ኤምፒስሪ የሚባሉት የሊብሪቮክስ የድምፅ ፋይሎች በሰከንድ በ64 እና በ128 ኪሎቢት ይገኛሉ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይጠራል፣ ፋይሉም ይተልቃል። በ64ቱ የአንድ ሰዓት ንባብ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የ10 ሰዓት መጽሐፍ 290 ሜጋባይት ቢሆን ነው። በ128ቱ እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰው ሲያነብ ለመስማት 64ቱ ከበቂ በላይ ነው። መስመሩ የሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ዚፑን ትቶ ምዕራፍ በምዕራፍ ቢያወርድ ይሻለዋል፤ አንዷ ብትቋረጥ የምትደገመው እሷው ብቻ ናት።

አንድ ነገር በጣም አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ሌላ ቦታ «ነጻ መጽሐፍ» እያለ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ የሚያሳይ ገጽ ሞልቷል፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ ከነኩት የሚወርደው ሌላ ነገር ነው። የሚደመጥ መጽሐፍ መጨረሻው ኤምፒስሪ፣ ኤም ፎር ቢ ወይም ዚፕ ነው። በኢ፣ ኤክስ፣ ኢ ፊደላት የሚያበቃ ፋይል ፕሮግራም እንጂ መጽሐፍ ስላልሆነ አይከፈትም፣ ይጠፋል። ዊንዶውስ እነዚህን የስም መጨረሻዎች ሲሸሽጋቸው ስለሚኖር እንዲታዩ አደረግሁላቸው።

«አዲስ የወጡትስ?» ብለው ጠየቁ። በዚህ ዓመት የታተመ መጽሐፍ ባልታወቀ ቦታ በነጻ ከተገኘ የሰው ድካም ተሰርቆ ነው አልኳቸው። ሊብሪቮክስ የሚመራው በአሜሪካ ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ ደግሞ ከታተሙ 95 ዓመት ያለፋቸው መጽሐፎች የሁሉም ናቸው፤ ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አባባ ቅር አላላቸውም። «የቆየውን መች ጨረስኩና» አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ድምፆቹ ነው መጻፍ የምፈልገው። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲጀምር አንባቢው ይህ የሊብሪቮክስ ቅጂ እንደሆነ፣ ሁሉም ቅጂዎች የሕዝብ ንብረት እንደሆኑ ይናገራል። እኔን ይሰለቸኛል፤ አልፈዋለሁ። አባባ አያልፉትም። «ሰውየው እኮ ሰላምታ እየሰጠኝ ነው» ይላሉ። አንዳንዱን መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ ሌላውን ብዙዎች ተከፋፍለውት በየምዕራፉ ድምፁ ይቀየራል። አንዱ ጎበዝ ተራኪ ነው፣ ሌላው ይንተባተባል፤ አንዲቷ ስታነብ ከጀርባዋ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። መጀመሪያ ይህ እንደ ጉድለት ታይቶኝ ነበር። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራምም ሞክረንላቸው ነበር፤ ጥርት ብሎ፣ አንድም ሳይሳሳት ያነባል። ከአንድ ምዕራፍ በላይ አላዳመጡትም። «ምን እንደሚያነብ አያውቅም» አሉ። ለአጭር ደብዳቤ ወይም ለዜና ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፤ ለመጽሐፍ ግን እኔም ከአባባ ጋር ነኝ። ደመወዝ ሳይከፈለው፣ የማያውቀው ሽማግሌ ይሰማልኛል ብሎ አሥር ሰዓት የሚያነብ ሰው አለ። ይህን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ታሪኩን ያጫወቱኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ የታሪክ መምህር ናቸውና። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍን ሠርቶ በዓመቱ ለምን ለምን እንደሚጠቅም ሲዘረዝር፣ ለዓይነ ስውራን የሚናገሩ መጽሐፎችን ከደብዳቤ ቀጥሎ ጽፏቸዋል አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሚናገሩ መጽሐፎች በሸክላ ተቀርጸው መውጣት ሲጀምሩ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ከተጠቃሚዎቹ መካከል ነበሩ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር፤ ክፍል ውስጥ እንዳሉ።

አሁን ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ደብተር አለ። በወፍራም ጥቁር ማርከር፣ በአንድ ገጽ ሦስት መስመር ብቻ እየጻፉበት ያቆሙበትን ይመዘግባሉ፦ «ምዕራፍ 14፣ ደቂቃ 12»። ቦታውን የሚያስታውስ ፕሮግራም ልጭንላቸው አስቤ ተውኩት። ደብተሩ የእሳቸው ነው።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ከክፍላቸው የማላውቀው ድምፅ ይሰማል። እኔ ያላወረድኩት ነው። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አጭር ግጥም ነው። አለቀ። ሌላ ሰው መጣና ያንኑ ግጥም ከመጀመሪያው ጀመረ። እሱ ሲጨርስ አንዲት ሴት፤ ያንኑ።

«እኔም ተበላሽቷል ብዬ ነበር» አሉ ሲያዩኝ። «እንደገና ላወርደው ስል ድምፁ የሌላ ሰው መሆኑን አስተዋልኩ።»

ሊብሪቮክስ ላይ አንድ አጭር ግጥም ይመረጥና የፈለገ ሁሉ በየራሱ ድምፅ ያነበዋል፤ ንባቦቹ ተሰብስበው አንድ ላይ ይወጣሉ። አባባ ሳያውቁ የመረጡት ከእነዚያ አንዱን ነው። ዚፑን ፈትተውታል፣ ፎልደሩን አግኝተውታል። አሥራ አንዱንም አንባቢዎች ከሰዓት በኋላ ሲሰሙ ውለዋል። አንደኛው እንደሚቸኩል፣ አራተኛዋ በሹክሹክታ እንደምታነብ፣ ዘጠነኛው ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ ሌሎቹ ያላገኙትን ነገር እንዳገኘ ነገሩኝ። ሰባተኛው ያረጀ ድምፅ ነው፤ ስንኝ መሃል ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ይቆማል።

አብረን ሰማነው። ከዚያ ደብተራቸውን ወደ ዓይናቸው ጎን አስጠግተው፣ ማርከሩን ከፍተው ጻፉ፦ «7ኛው። ይደገም።»