«እህቴ» ያለኝ ሰውዬና ስሜን መጥራት ያቃታት ሴትዮ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በአምስተኛው ወር ሥራ ያስገባኝ የአገሬ ሰው ነው። በሽተኞችን ቤታቸው የሚንከባከቡ ሠራተኞች የምትመድብ ትንሽ የሆም ኬር ኤጀንሲ አለችው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሆን እሱ «እህቴ» አለኝ፣ እኔም «ጋሼ» አልኩት። ስለ ቅጥር ውል ስጠይቀው «በእኛ መሃል ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለ። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ጨዋ ሰው መስሎኝ!

በሰዓት 16 ዶላር፣ በሳምንት 60 ሰዓት። የምይዛቸው አዛውንት በስትሮክ አንድ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ነበሩ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር አዛውራለሁ፤ ማታ ወገቤ አያስተኛኝም። ቼኩ ግን ሁልጊዜ እቅጩን 960 ነው። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራ (ኦቨርታይም) በአንድ ተኩል እጥፍ እንደሚከፈል የነገረችኝ ሌላ ቦታ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። በሳምንት 160 ዶላር እየቀረብኝ ነበር ማለት ነው። ስጠይቀው «ኦቨርታይም የፈረንጆቹ ነገር ነው እህቴ፣ እኛ ቤተሰብ ነን» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ያ ሳቄ ነው።

ጃንዋሪ ላይ ለተቀጣሪ የሚላከውን የዓመት የደመወዝና የታክስ ወረቀት፣ ዳብሊው-2ን፣ ስጠብቅ 1099 የሚባል ሌላ ወረቀት መጣልኝ። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጦ ዝም ሲል ነው። በ1099 የሰው ተቀጣሪ አይደለሽም፣ በራስሽ የምትሠሪ ነጋዴ ነሽ። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን፣ ማለትም የጡረታና የአዛውንት ሕክምና መዋጮውን፣ ግማሽ፣ 7.65 በመቶውን፣ አሠሪ መክፈል ሲገባው ሙሉው 15.3 በመቶ በአንቺ ላይ ይወድቃል። ለ7 ወር ሥራ፣ ከሌላው ታክስ ውጪ፣ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ። ሰዓቱን የሚወስነው እሱ፣ በሽተኛውን የሚመድበው እሱ፣ ነጋዴዋ እኔ!

ሌበር ዲፓርትመንት፣ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጋ፣ አመልክቺ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ማመልከቻው በነጻ ነው፣ ያለፈው ሒሳብ ወደ ኋላ ይጠየቃል። አላመለከትኩም። እሁድ እሁድ የምንገባው በአንድ በር ነው። ፈሪ ብትሉኝ አልከራከርም።

ቀጥሎ የገባሁበትን ኤጀንሲ የምታስተዳድረው ጃማይካዊት ነርስ ናት። ፊቷ አይፈታም፣ ሻይ እንኳን ጠጪ አላለችኝም፣ ስሜን ዛሬም በትክክል አትጠራውም። በመጀመሪያው ቀን ዳብሊው-4 የሚባለውን የታክስ ቅጽ አስሞላችኝ፤ ከደመወዝ ላይ ታክስ የሚቆረጠው ለተቀጣሪ ስለሆነ ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን እባብ ያየ ልጥ ሲያይ ይደነብራል፤ ትንሽ ደብተር ገዝቼ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር መጻፍ ጀመርኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ታኮማ ፓርክ፣ ከሰዓት በኋላ ሮክቪል።

የመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ክፍያ ሲገባ ዝርዝሩን ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። አልገጠመም። ከኔ ጽሑፍ በ6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበልጣል። ሦስቴ ደመርኩ። ተሳስተው ነው፣ በኋላ ሌባ ብለው ይመልሱብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ደወልኩላት።

«ከአንዷ በሽተኛ ቤት ወደ ሌላው ስትነጂ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?» አለችኝ።

«40።»

«አሥር ቀን ነድተሻል። እዚያ መንገድ ላይ እኮ ሥራ ላይ ነሽ። ለምን ታይምሺትሽ ላይ አልሞላሽውም? እኔ ነኝ የሞላሁልሽ፣ ሁለተኛ እንዳታስለፊኝ።» ተቆጥታ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ይቀረዋል። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከ«ታኮማ ፓርክ» እና ከ«ሮክቪል» መሃል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ መንገድ፣ 40 ደቂቃ።