ከሱሉልታ፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ጭጋጉ ገና ከሜዳው አልተነሳም። ሯጮቹ በዓል አያውቁም፤ አስፋልቱን ይዘው ወደ ጫንጮ እየሮጡ ነው። የሰፈር ልጆች ሦስት ጊዜ በር አንኳኩተው «አበባዬሆሽ» ብለውናል። ሦስተኛው ቡድን ከመጀመሪያው ሁለት ልጆች ተበድሮ እንደመጣ ባለቤቴ ደርሳበታለች። ቢሆንም ከፈለች። ዘንድሮ ማንንም ባዶ እጁን አልመልስም ብላለች።

ዓምና በሩፋኤል ዕለት አንድ ጉዞ ነበረን፤ ለሁለታችን ብቻ ያሰብነው። ክረምቱን ሙሉ ሥራና ጭቃ ውስጥ ከርመን፣ አንድ ቀን ደብረ ሊባኖስ ደርሰን፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አይተን፣ ስንቃችንን በልተን ልንመለስ። ቪትዟ ተነስታ ልንወጣ ስንል ባለቤቴ «አባባን ቻው ብለን እንለፍ» አለች። ቻው ልንል ገብተን ከአባባ ጋር ወጣን። ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ዝም ብዬ ኋላ እቀመጣለሁ» አሉ።

ዝም አላሉም።

አማቴ ሠላሳ ዓመት ገደማ የጎጃምን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና ያመላለሱ ሹፌር ነበሩ። ያን የሚያህሉ ሰው በቪትዝ የኋላ ወንበር ታጥፈው፣ በጉልበታቸው ጀርባዬን እየወጉ፣ ገና ከጫንጮ ጀምሮ የሌለ ፍሬን ይረግጡ ነበር። ቁልቁለት ባዩ ቁጥር «በማርሽ ውረድ! ፍሬኑን አታቃጥለው!» ይላሉ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት ብላቸው «እሱ የእሷ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ሙከጡሪ ነዳጅ ስንቀዳ ወርጄ ባለቤቴን ጠጋ አልኳትና «ለሁለት ነበር እኮ ያልነው» አልኳት። መስኮቱ ክፍት ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ጀምሯል። ጭላዳዎቹ ከመጤፍም አልቆጠሩት። ይግጣሉ፤ ሌላ ቃል የለውም። እነዚህ ፍጥረታት ከእኛ ደጋ በስተቀር በዓለም የትም የሉም፣ የሚኖሩትም በሣር ነው። በሁለት እጃቸው ሣሩን ይነጫሉ፣ ሲያልቅ ሳይነሱ በቂጣቸው ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ፣ ደግሞ ይነጫሉ። ወንዱ ጎፈሩን እንደ አንበሳ ነስንሶ፣ የደረቱን ቀይ ገልጦ ተቀምጧል። አንዱ ወደ ባለቤቴ ዞረና የላይኛውን ከንፈሩን ገለበጠ። «ሳቀልኝ!» ብላ ስልኳን አወጣች። አባባ ክንዷን ሳብ አደረጓት። «ሳቅ አይደለም ልጄ። ተቆጥቷል፣ ዞር በይለት።»

«አባባ፣ በምን አወቁ?»

«በመስታወት ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ቆሜ ሳይ ግን ዛሬ ገና ነው። ጭነት አያስቆምም።»

ከዚያ በኋላ እኛን ረሱን። ጋቢያቸው በስብሶ እስኪንጠባጠብ ድረስ የሩፋኤልን ዝናብ ተቀበሉ። ከእኛ ኋላ ከቆመ መኪና አንድ ወጣት ሙዝ ሲወረውር ብቻ ነው የነቁት። «ነገ መስኮትህን ሰብሮ ሲገባ ሌባ ትለዋለህ» አሉት። ልጁ መስኮቱን ዘጋ።

ገዳሙ አጠገብ ወዳለው የድንጋይ ድልድይ ስንሄድ እኔ እንደ ሁሉም ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» አልኩ። ተሳሳትኩ። «ፖርቱጋል የት አግኝቶት! የራስ ዳርጌ ነው፤ የምኒልክ አጎት።» ቤት ስገባ አነበብኩ፤ ልክ ናቸው። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ክረምቱን ጠግቦ ወደ ጀማ ሸለቆ እየተወረወረ ነበር፤ ጩኸቱ ብቻውን ያጥባል። ገዳሙ ደጅ ላይ ግን ተረባቸው ሁሉ ጠፋ። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 መነኮሳቱን ያስረሸነበትን ነገር ባለቤቴ ስታነሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

በጥር እኛ በሰበታ በኩል መናገሻ ሱባ ሄድን፤ እሳቸው ግን ተኝተው ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት በሚባለው የጽድ ደን ውስጥ ያነሳሁትን የጉሬዛ ፎቶ አልጋቸው ድረስ ወስጄ አሳየኋቸው። «ይሄማ ካባ የደረበ ደብተራ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በሰኔ ሄዱ።

ለልቅሶ ከፍኖተ ሰላም ድረስ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ የድሮ ረዳታቸው። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ሳልጠይቀው ነገረኝ፦ «እዚያ ገደል በደረስን ቁጥር ‹ጡረታ ስወጣ እዚህ ቆሜ እነዚህን ሰዎች ጠግቤ አያቸዋለሁ› ይል ነበር።» ሰዎች ነው ያላቸው። የሙከጡሪዋ ክፍት መስኮት የዚያን ጊዜ ትዝ አለችኝ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሰምቷል» አለችኝ። «ሹፌር ስንት ሰምቶ ያልፋል።» ማጽናኛ ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስለዚህ የዘንድሮ ምስጋናዬ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሌሊት ተረኛ ለነበረችው፣ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ ላዞረችላቸው ነርስ። በዚያ ዝናብ ድንኳን ለተከሉት የእድራችን ጎረምሶች። ሰባት ቀን ሙሉ ቡናችንን ላፈሉልን ጎረቤታችን፤ ጀበናቸው እስካሁን እኛ ቤት ነው፣ እመልሳለሁ እትዬ። ለረዳቱ ደግሞ፣ ያንን ነገር በልቡ ይዞ ስላልቀረ።

ምኞቴም ትንሽ ነው። ሙዝ ወርዋሪዎች ሙዛችሁን ራሳችሁ ብሉት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ገደል የምትሰዱ ወዳጆቼ አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፣ ዓመት በዓል ነው። ለሁላችንም ደግሞ ሰው ከቤቱ ሲወጣ «ደርሻለሁ» ብሎ እስኪደውል ድረስ የማያስጨንቅ መንገድ ይስጠን። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አስፋልት በፍርሃት ስናየው ኖረናል።

እማማ፣ የአባባ ባለቤት፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ መኪና ጠልተው የኖሩ ናቸው፤ ባላቸውን ከቤት ሲነጥቅባቸው የኖረው የጎጃም መንገድ ነው። ትናንት ዶሮውን እየገነጠሉ «እነዚያ ዝንጀሮዎች የት ናቸው ያላችሁት?» አሉ። ነገ እንወስዳቸዋለን። የኋላ ወንበሩን ጠርጌ፣ ትራስ አድርጌ አሳየኋቸው፤ አዩትና «እኔ ኋላ አልቀመጥም፣ ጋቢና ነው» አሉኝ።

ባለቤቴ ኋላ ትሆናለች። ከአሁኑ በማርሽ ውረድ ብላኛለች።