ከሳልሞን የመጣው ማርከሻ ተተኪ ያስፈልገዋል

እንደ ፕሮታሚን የሚያስጨንቀኝ መድኃኒት የለም። ሜሪላንድ ውስጥ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ልብ ተከፍቶ ሲጠገን የበሽተኛው ደም በማሽን በኩል ይዞራል። ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ደግሞ ብዙ ሄፓሪን ይሰጠዋል። ጥገናው ሲያልቅ ያ ሁሉ ደም ማቅጠኛ መምከን አለበት፤ አለዚያ ደሙ አልቆም ይላል። የሚያመክነው ፕሮታሚን ነው።

ፕሮታሚን የሚሠራው ከሳልሞን ዓሣ የወንዴ ዘር ነው። ኋላ በዲኤንኤ ምርምሩ ስሙ የገነነው ኤርዊን ቻርጋፍ ከባልደረባው ጋር ሄፓሪንን እንደሚያመክን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ይኸው ዛሬም እሱኑ ነው የምንሰጠው።

ቀዶ ሐኪሙ ፕሮታሚን እንዲጀመር ሲያዝ ሰመመን ሰጪው ጮክ ብሎ «ፕሮታሚን ጀምሬያለሁ» ይላል። ማሽኑን የያዘው ባለሙያ መስማቱን አረጋግጦ ደም ወደ ማሽኑ የሚመልሰውን መሳቢያ ያቆማል። መድኃኒቱ ወደ ማሽኑ ከገባ ደሙ እዚያው ይረጋል፤ ማሽኑ ግን በድንገት ዳግም ሊያስፈልግ ይችላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 300 ዩኒት ሄፓሪን ሲሰላ 21,000 ዩኒት ነው። ለ100 ዩኒት 1 ሚሊግራም በሚለው የቆየ ስሌት 210 ሚሊግራም ፕሮታሚን ይሆናል። ቶሎ መግፋት የለም፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። የሁላችንም ዓይን ሞኒተሩ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግፊቱ ትንሽ ወረድ ብሎ ይመለሳል። አንዳንዴ ግን የሳንባ ደም ሥር ግፊት ሽቅብ ይወጣና የልብ ቀኝ ክፍል ደም መግፋት ያቅተዋል። ይህን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ለዚህ ነው ከቀዶው በፊት ስለ ዓሣ አለርጂና ስለ ኢንሱሊን አጥብቄ የምጠይቀው። አንዲት የአገሬ ሰው እናትን፣ «እማማ፣ የሚወጉት ኢንሱሊን ጥርት ያለ ነው ወይስ ደፍረስ ያለ?» ብላቸው፣ «እንደ ወተት ነጭ ነው ልጄ፤ ምነው?» አሉኝ። ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ውስጥ ፕሮታሚን አለ። ሰውነታቸው ለዓመታት ሲወጉት እንደ ጠላት ለይቶት ከሆነ ሊቆጣ ይችላል። ወዲያው ለሰመመን ሰጪው ነገርኩት።

ሌላም ጉድለት አለው። ሆድ ላይ የሚወጋውን የሄፓሪን ዘመድ፣ ኢኖክሳፓሪንን፣ በከፊል ብቻ ነው የሚያመክነው። ፎንዳፓሪኑክስ የሚባለውን ሌላ ደም ማቅጠኛ ጭራሽ አይነካውም። ከልክ ካለፈ ደግሞ ራሱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል።

የችግሩ ሥር የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ሄፓሪን በኔጌቲቭ ቻርጅ የተሞላ ነው፤ ፕሮታሚን በፖዘቲቭ። ይሳሳቡና ይጣበቃሉ። ግን ፕሮታሚን አይመርጥም፤ ከደም ፕሮቲኖችና ከሕዋሶች ገጽ ጋርም ይጣበቃል። ቫንኩቨር በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጃያቻንድራን ኪዛኬዳቱ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ሥራ ልቤን የነካው ለዚህ ነው። ቅርንጫፋማ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል ሠሩ። ፖዘቲቭ ቻርጁን ውስጥ አድርገው ዙሪያውን በአጫጭር የፖሊኢትሊን ግላይኮል ክሮች ሸፈኑት፤ እንደ ጃርት እሾህ። ሌላው ፕሮቲን እሾሁን አልፎ አይገባም። ሄፓሪን ግን ስበቱ ብርቱ ስለሆነ ዘልቆ ይያዛል። በሙከራ ሄፓሪንን ብቻ ሳይሆን ኢኖክሳፓሪንንና ፎንዳፓሪኑክስንም አምክኗል፤ በአይጦች ላይም ሄፓሪን የሚያመጣውን መድማት ቀንሷል።

አይጥ ሰው አይደለም፤ አውቃለሁ። የማርከሻ ፈተናው ደም ማቆም ብቻ አይደለም፤ ሳያስፈልግ እንዳያረጋም ነው። አንዴክሳኔት የሚባለው የሌሎች ደም ማቅጠኛዎች ማርከሻ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የደም መርጋት ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነው የወጣው። ኢዳሩሲዙማብ የሚባለው ማርከሻ በበኩሉ ዳቢጋትራን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ለይቶ ይይዛል፤ ሌላውን አይነካም። ለሄፓሪንም የምመኘው እንዲህ ያለ መራጭ ነው፤ ያውም ከዓሣ ሳይሆን በላቦራቶሪ የተሠራ፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚመጣ።

እንዲህ ያለ ማርከሻ በሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ሲታተም፣ መግቢያውን ዘልዬ መጀመሪያ የማየው የሳንባ ደም ሥር ግፊት ሠንጠረዡን ነው።